ታላቁ እስኪቆርስ ድረስ

ይህን ታሪክ ወረቀት ላይ ከማስፈሬ በፊት፣ ጉዳዩ በቀጥታ ከሚመለከታቸው ሦስት ሰዎች ጋር አመሳክሬዋለሁ። ሦስቱም በዋናው ነገር ይስማማሉ፤ በዝርዝሩ ግን ከእኔም እርስ በርሳቸውም ይለያያሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪዎቼን “ማስረጃህ የት አለ?” እያልኩ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ እርግጠኛ የሆንኩበትን ካልሆንኩበት እየለየሁ ለመጻፍ እሞክራለሁ። አንባቢ ሆይ፣ “ይመስለኛል” የሚለው ቃል ከበዛብዎት ይታገሡኝ። አሁን ልጆቼ የገዛ ቦርሳዬን እንኳ እንድይዝ አይፈቅዱልኝም፤ የቀረልኝ ሥራ ማስታወስ ብቻ ነው፤ እሱንም በደንብ መሥራቴን እንጃ።

ዘመኑ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኔ አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የማስተምር፣ ጸጉሬ ገና ያልሸበተ፣ ከሰሜን የመጣሁ ሰው ነበርኩ። ጋሞኛ ከሰላምታ አልፎ አይገባኝም ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ጥቂት የሥነ ልቦና ትምህርቶች በመውሰዴ፣ ርእሰ መምህሩ “የምክር አገልግሎት” የተባለውን ሥራ ደርበው ሰጡኝ። አገልግሎቱ የተቋቋመው በአንድ ጠረጴዛ፣ በሁለት ወንበርና በእኔ ነበር፤ ሁለተኛው ወንበር ላይ ግን እምብዛም የሚቀመጥ አልተገኘም። ተማሪዎቹ ጭንቀት እንዳለባቸው ቢጠየቁ “የለብኝም፣ ቲቸር” ብለው በትሕትና የሚመልሱ ልጆች ነበሩ።

አብዛኞቹ ከጨንቻ፣ ከካምባና ከሌላውም ገጠር የመጡ ናቸው። ሦስት አራት ሆነው ሲቀላ በሚባለው የከተማው ሰፈር አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ስንቃቸው በገበያ ቀን ከቤተሰብ ይላክላቸዋል። ከደጋው ብርድ ወርደው ቆላው ሙቀት ውስጥ፣ የእናታቸው ቋንቋ ባልሆነ ቋንቋ፣ ማትሪክ የሚባለውን ፈተና ይጠብቃሉ። ከመካከላቸው አንዱ ቀስ በቀስ ቢጠፋ፣ ለመጥፋቱ ምልክት የሚሆነው ባዶ የቀረ ወንበር ብቻ ነበር።

በትምህርት ቤቱ የተቋቋመውን የደግነት ክበብ ሐሳብ ያመጣችው አማረች ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ የጨንቻ ሸማኔ ልጅ፣ ስትናገር የሰውን ዓይን የማትሸሽ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ያንን ባዶ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦

“ቲቸር፣ አገር ቤት ሰው ሲያዝን ጎረቤት አይተወውም። እዚህ ግን አጠገባችን ያለው ልጅ እያለቀሰ እኛ ሂሳብ እንሠራለን።”

ደንባቸው ቀላል ነበር፤ የወጣውም ከሐዘን ቤት ሥርዓት ነው። ያዘነ፣ የደነገጠ፣ ዝም ያለ ተማሪ ሲገኝ የክበቡ አባላት በተራ ይይዙታል። ውኃ ይቀዱለታል፤ ልብሱን ያጥቡለታል፤ ያመለጠውን ትምህርት ይገለብጡለታል፤ ምግብ ያመጡለታል፤ ዝም ብለውም አብረውት ይቀመጣሉ። እኔ ኃላፊ መምህራቸው ነበርኩ። ሥራዬ መደነቅ ብቻ ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁም። በጥቂት ወራት ውስጥ ትምህርት ሊያቋርጡ የነበሩ ልጆች ተመልሰዋል።

ማርቆስ በክበቡ እጅ የገባው በዚያው ዓመት በልግ ላይ ነው። ትምህርት ዘግይቶ በመጀመሩ በዕድሜ ከክፍሉ ሁሉ የሚበልጥ፣ ረጅም፣ ቁጥብ ልጅ ነበር። መንደሩ ከጨንቻ ወደ ላይ ነው። አባቱ ቀድመው ስለሞቱ የቤቱ ታላቅ እሱ ነበር፤ እዚህም የሰፈሩ ልጆች በውኃ ተራ ሲጣሉ የሚያስታርቀው እሱ ስለነበር “ታላቁ” ይሉታል። በዚያ በልግ ትንሽ ወንድሙ ታሞ ሞተ። ማርቆስ ቀብሮ ተመለሰ፤ ሲመለስ ግን ድምፁን እዚያው ትቶት የመጣ ይመስል ነበር።

ክበቡ እንደ ደንቡ ያዘው። ያን ያህል በትጋት የተያዘ ተማሪ አላስታውስም። ጀሪካን ሲያነሳ ከእጁ ይቀበሉታል። መጥረጊያ ሲይዝ “ተው አንተ፣ ቁጭ በል” ይሉታል። የክፍል ጽዳት ተራው ሲደርስ ሌላ ይተካለታል። ልጆች ሲጣሉ እንኳ “ታላቁን አታስቸግሩት” ተባብለው ወደ ሌላ ሰው ይሄዱ ነበር። እሱም ለሁሉም “እግዜር ይስጥልኝ” ይል ነበር። ከዚያ ሌላ ቃል ሲናገር የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ቅዳሜ ነበር። ቤቴ ሆኜ የፈተና ወረቀት ሳርም፣ ከምሳ ሰዓት በኋላ ይመስለኛል፣ ደጀኔ በሩን አንኳኳ። ደጀኔ የካምባ ልጅ ነው፤ የማርቆስ የክፍል ተጋሪ፣ በትምህርት ቤቱ ሁሉ በቀልዱና በሆዱ የታወቀ። በዚያ ሙቀት ትከሻው ላይ ወፍራም ቡልኮ አጣጥፎ ተሸክሟል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀ።

“የማርቆስ ነው፣ ቲቸር። አባቱ ሸምነው የሰጡት። ጠዋት ‘ለአንተ ይሁን፣ እኔን አይበርደኝም’ አለኝ። ላጥበው ሳሙና ካለዎት ብዬ ነው የመጣሁት።”

ሌላ ምን እንደሰጠ ጠየቅሁት። ደጀኔ አሁንም ፈገግ እንዳለ ነበር። ጫማውን ለአንዱ፣ መጻሕፍቱን ለሌላው፣ የእንጨት ሳጥኑን ለአከራይዋ ልጅ መስጠቱን ነገረኝ። “እኛ ስንሰጠው ከርመን አሁን እሱ ጀመረ፤ ክበባችን ሠርቷል ማለት ነው” አለ።

እዚህ ላይ ትዝታዬን አልጠራጠርም፤ ወረቀቶቹን እንዳሉ ትቼ ተነሣሁ። ሰው እጅግ የሚወደውን ነገር በድንገት ሲያከፋፍል ሞትን ሊያስብ እንደሚችል አንብቤ ነበር። ልጆቹ ግን አላነበቡም። መስጠት የዕለት ተዕለት ነገር በሆነበት ክበብ ውስጥ፣ የመጨረሻው ስጦታ ከሌሎቹ ተለይቶ አይታይም። በዚያ ከተማ ያንን ምልክት ሳያዩ ሊያልፉ የሚችሉ ልጆች ቢኖሩ እነዚህ ነበሩ፤ ምክንያቱም ደግ ነበሩ።

ማርቆስ አሁን የት እንዳለ ጠየቅሁት። ደጀኔ ፊቴን አየና ፈገግታው ጠፋ። የት እንዳለ አያውቅም ነበር።

ክፍላቸው ስንደርስ ተጠርጎ፣ መኝታው ተጣጥፎ አገኘነው። አማረች ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር፤ የቅዳሜው ተራ የእሷ ስለሆነ እናቷ የላኩትን ትልቅ የበቆሎ ዳቦ በኮባ ቅጠል እንደተጠቀለለ ይዛለች። በአጭሩ ነገርኳት። አላለቀሰችም። ሁለት ልጆችን ወደ ጨንቻ መኪና መሳፈሪያ ላከች፤ ተመልሰው እዚያ እንዳላዩት ነገሩን። ከዚያ መንገድ ዳር ሙዝ የምትሸጥ ሴት፣ ረጅም ልጅ በባዶ እግሩ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ሲወርድ ማየቷን ነገረችን። ሰላም ብሏት እንዳለፈም ጨመረች።

ወደ ታች ወረድን። እኔ፣ አማረች፣ ደጀኔና ሌሎች ሦስት ይሁኑ አራት የክበቡ ልጆች። አንዱን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ልኬ ነበር፤ ፖሊስ የመጣው ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው። መንገዱ ለመኪና አይመችም፤ የእርሻ ማሳዎችንና ግራሩን እያቋረጠ የሚሄድ የከብት መንገድ ነው። ፀሐይዋ ከጀርባችን ነበረች። ደጀኔ ቡልኮውን ጥሎት አልመጣም፤ ለምን እንደተሸከመው ያን ጊዜ ማንም አልጠየቀውም።

አግኝተነው ልባችን ከማረፉ ይልቅ የባሰ ተጨነቀ። የሐይቁ ውኃ እንደ ሁልጊዜው ቀይ ነበር። ከደንገሉ መካከል ጠባብ የአሸዋ ምላስ ወደ ውኃው ገባ ይላል፤ በጫፉ ላይ የተሰበረ አሮጌ ጀልባ ተገልብጦ ተጥሏል። ማርቆስ ጀልባው ላይ ፊቱን ወደ ሐይቁ አድርጎ ተቀምጧል። የአባያን ዳርቻ የሚያውቅ ሰው እዚያ ቦታ በዚያ ሰዓት አይቀመጥም። አዞዎቹን ለማየት ዓይን ማማተር አያስፈልግም ነበር።

ኮቴያችንን ሰምቶ ዞረ። ተነሣ። አንድ እርምጃ ወደ እሱ ስራመድ እሱም አንድ እርምጃ ወደ ውኃው ሄደ።

“ቲቸር፣ እባክዎ አይጠጉ” አለኝ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር።

ቆምኩ። ከመጽሐፍ የማውቀውን ሁሉ ተናገርኩ ብል ይሻላል። ስሜቱን እንደምረዳ፣ ሐዘን ጊዜ እንደሚፈልግ፣ ወንድሙን የገደለው በሽታ መሆኑን፣ ገና ረጅም ሕይወት እንደሚጠብቀው ነገርኩት። ውሸት አልነበረም። እሱም ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር “እግዜር ይስጥልኝ፣ ቲቸር” እያለ መለሰልኝ። አንባቢ ሆይ፣ እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው መልሶች ሁሉ ያስፈራኝ ያ ምስጋና ነው። ጉዳዩን የዘጋ ሰው ምስጋና ነበር።

ከዚያ አማረች በጋሞኛ አንድ ነገር ጠየቀችው። እሱም መለሰላት፤ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል በአማርኛ ደገመው።

በደጋው ሥርዓት የቤቱ ታላቅ የመጀመሪያውን ዘር ሳይዘራ ታናሽ አይዘራም። ማርቆስ በዚያ በልግ ሞዴል ፈተና ነበረበትና ለዘሩ ወደ መንደሩ አልወጣም። ዝናቡ እንዳያልፍ የፈራው ታናሽ አጎቱ ቀድሞ ዘራ። ብዙም ሳይቆይ ትንሹ ወንድሙ ታመመ። ሥርዓት ሲጣስ በቤት ላይ የሚመጣውን መዓት ሰዎቹ ጎሜ ይሉታል። በቀብሩ ላይ ማንም ጣቱን ወደ ማርቆስ አልቀሰረም፤ ሁሉም ግን እንደሚያውቁ እሱ ያውቃል።

“ከዚያ ወዲህ” አለ ማርቆስ፣ “አንድ ጀሪካን እንኳ እንዳነሣ አልተፈቀደልኝም። ውኃዬን ቀዳችሁልኝ። ልብሴን አጠባችሁ። ከመኝታዬ አነሣችሁኝ፣ አስቀመጣችሁኝ። በእኛ አገር እንዲህ ሁሉ የሚደረገው ለሬሳ ነው። እናንተም አውቃችኋል ማለት ነው አልኩ።”

አማረችን አየኋት። ያን ያህል ወራት የሠራችው ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገለበጥባት ፊቷ ላይ የታየውን ለመግለጽ አልሞክርም።

በዚህ መካከል አንዲት ጀልባ ደንገሉን እየታከከች መጣች። ሁለት ዓሣ አጥማጆች ነበሩባት። በዕድሜ የገፋው ሰው መቅዘፊያውን ከፍ አድርጎ ጮኸብን።

“እናንተ፣ ሊመሽ ነው! ጉማሬ ትወጣለች፣ አዞውም እዚህ ነው የሚያድረው። ልጁን ውሰዱ!”

ጀልባቸውን ከእኛ አጠገብ አቁመው ነገሩን ሲረዱ፣ ታናሹ ዓሣ አጥማጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። በደንገሉ ውስጥ ዞረው ከኋላው በመምጣት ሊይዙት እንደሚችሉ፣ ትእዛዝ ብቻ እንደሚጠብቁ ነገረኝ። ከደረሱበት ይድናል፤ ካልደረሱበት ደግሞ እኛው ወደ ውኃው ገፋነው ማለት ነው። ውሳኔው የእኔ ነበር። ፀሐይዋ በጨንቻ ተራሮች አናት ላይ ነበረች፤ ከተራሮቹ በስተጀርባ ስትገባ እዚህ ዳርቻ ላይ ወዲያው ይጨልማል። እስከዚያ ድረስ እንዲጠብቁኝ፣ ተራራውን ስትነካ ግን እንዲሄዱ ነገርኳቸው። ይህን ያልኩት በማስተዋል ይሁን ለመወሰን ፈርቼ፣ ዛሬም ድረስ መለየት አልቻልኩም።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ትዝታዎቻችን የሚጣሉበት ቦታ ነው። እኔ የማስታውሰው አማረች አሸዋው ላይ ቁጭ ስትል ነው። እሷ ግን መጀመሪያ የተቀመጠው ደጀኔ ነው፣ ደክሞት እንጂ ብልሃት አልነበረም ትላለች። ብቻ ሁላቸውም ተቀመጡ። አማረች የኮባ ቅጠሉን ፈታችና ዳቦውን መካከላቸው አኖረችው። ማንም አልነካውም። ወደ እኔም ቀና ብላ እንድቀመጥ ነገረችኝ።

“ማርቆስ፣ ከጠዋት ጀምሮ አልበላንም” አለች ከዚያ። “ታላቁ ሳይቆርስ አንበላም።”

እኔ በጭንቀቴ መካከል የነገሩ ትርጉም አልገባኝም ነበርና፣ ታላቅ ከተፈለገ እኔ እንዳለሁ ተናግሬ እጄን ወደ ዳቦው ዘረጋሁ። አማረች እጄን በእጇ መለሰችው፤ ተማሪ መምህሩን እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም።

“ይቅርታ፣ ቲቸር። እርስዎ የዚህ አገር ሰው አይደሉም። እዚህ ታላቅ እሱ ነው።”

ማርቆስ ጀልባው ጋ ቆሞ ያየናል። የእሱ እጅ ጎሜ እንዳለበት፣ ከእጁ የበላ ሁሉ መዓቱ እንደሚደርስበት፣ እንዳንጠብቀው ነገረን። እኔ ይህ እምነት ስሕተት መሆኑን ላስረዳ ተዘጋጅቼ ነበር። ከልጆቹም መካከል በየሰንበቱ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ፣ እንዲህ ያለው ነገር ከአባቶች ጋር የቀረ ነው ተብለው ያደጉ ነበሩ። አማረች ግን ልክ ነህም ስሕተት ነህም አላለችውም።

“እንግዲያው ለእኛም ይድረስ” አለች። “ስንካፈለው ያንሳል።”

ከደንገሉ ውስጥ የሆነ ነገር ውኃውን ሲመታ ሰማን። ዓሣ አጥማጁ ወደ ፀሐይዋ፣ ከዚያ ወደ እኔ አየ። ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ፤ ገና ነው ለማለት።

ቀጥሎ የተናገረው ደጀኔ ነው። ቡልኮው አሁንም ትከሻው ላይ ነበር፤ ላቡ በፊቱ ይወርዳል።

“ማርቆስ” አለ፣ “ይኼን ቡልኮህን ከሲቀላ ጀምሮ ተሸክሜልሃለሁ፤ በዚህ ፀሐይ። ከአህያ የምለየው አህያ ጠዋት በልታ መውጣቷ ነው። ለእኔ ካላዘንክ ለሆዴ እዘንለት፤ እሱ ምንም አላደረገህም።”

ከልጆቹ አንዷ ሳቀችና ወዲያው አፏን ያዘች። ማርቆስ የሳቀ አልመሰለኝም። ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ ከውኃው ተነሥቶ እያንዳንዳችንን በተራ አየ። ከዚያ ማናችንም ያልጠበቅነውን ነገር ጠየቀ፤ ዳቦውን የጋገረው ማን እንደሆነ። አማረች እናቷ መሆናቸውን ነገረችው። ለእሱ የመጣ መሆኑን፣ ዛሬ ግን ለእሱ አለመሆኑን፣ እሱ ቆርሶ ለእነሱ የሚሰጠው መሆኑን ጨመረች።

ማርቆስ ጀርባውን ሰጠን። ወደ ውኃው ተራመደ።

የፀሐይዋ ጠርዝ ተራራውን ነክቶ ነበር። ታናሹ ዓሣ አጥማጅ ከጀልባው ዘሎ ወረደ። እኔ “ሂዱ” ልል ነበር። ማርቆስ ውኃው ቁርጭምጭሚቱ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ አለ። እጆቹን ውኃ ውስጥ ነከረ። አንዱን በሌላው አሸ፤ እስከ ክርኑ ድረስ፣ በደንብ፣ ሳይቸኩል። እየታጠበ ነበር። ዳቦ የሚቆርስ ሰው አስቀድሞ እጁን ይታጠባል።

አማረች በሁለት እጆቿ ጉልበቷን ጨምቃ ይዛ ነበር። ማንም አልተነሣም። ዓሣ አጥማጁን በእጄ አገድኩት።

ማርቆስ ውኃው ከክንዱ እየተንጠባጠበ በአሸዋው ላይ ወደ እኛ መጣ። መካከላችን ተንበረከከ። ዳቦውን አነሣና በጋሞኛ ጥቂት ቃላት ተናገረ፤ ምን እንዳለ ኋላም ጠይቄ አልነገሩኝም። ቆረሰ። እንደ ሥርዓቱ መጀመሪያ እሱ ቀመሰ፤ ለመዋጥ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ለአማረች፣ ለሌሎቹ፣ ለዓሣ አጥማጆቹ፣ ለእኔ ሰጠን። ደጀኔ ድርሻው ሲደርሰው አልበላም፤ ዳቦውን ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ማርቆስ ጥቂት አየውና ቡልኮውን ከትከሻው ላይ አነሣለት።

“ስጠኝ፣ እኔ ልሸከመው” አለው።

ያንን ዳገት የወጣነው እንዲህ ነው፤ ማርቆስ ከፊት፣ ቡልኮው ትከሻው ላይ፣ እኛ ከኋላ። ሊቀበለው የሞከረ አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ዳቦ ሰውን ከሞት ያድናል ብዬ ለማሳመን አልጻፍኩም። እንዲህ ያለውን ነገር መጻፍ ለሙያዬም ለሕሊናዬም አይመችም። ማርቆስ ያን ቀን አልዳነም፤ ያን ቀን ተመለሰ እንጂ። ያን ሌሊት ከደጀኔ ጋር እኔ ቤት አደሩ፤ ከዚያም ሐኪም አየው፤ ለወራት ታከመ፤ ክፉ ቀኖችም ተመልሰው መጡበት፤ የዚያን ዓመት ማትሪክ አልተቀመጠም። በመንደሩም ሽማግሌዎች ተሰብስበው እሱንና አጎቱን ሲያነጋግሩ ዋሉ። እዚያ አልነበርኩም። አማረች እንደነገረችኝ፣ አጎትየው በሁሉም ፊት አለቀሰ፤ በሚቀጥለው ወቅት ማርቆስ የመጀመሪያውን ዘር በገዛ እጁ እንዲዘራ ተባለ፤ ወጥቶም ዘራ።

ክበቡም አልፈረሰም፤ ደንቡን ግን ለወጠ። ያዘነውን ሰው ከማገልገል ጋር፣ እሱ ብቻ የሚችለውን ነገር እንዲያደርግላቸው ይለምኑት ጀመር። የውኃ ተራ ጠብ ሁሉ እንደገና ወደ ማርቆስ ሄደ። አንዳንድ ጊዜ ጠቡ ሆን ተብሎ የተፈጠረ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ደጀኔ ሲጠየቅ ይክዳል።

እኔ ከዚያ ወዲያ ብዙ ተማርኩ፤ ሦስተኛ ዲግሪም ሠራሁ። ስለ ጭንቀትና ስለ ሐዘን የጻፍኩትን ሁሉ ስጽፍ ያ የአሸዋ ምላስ ከዓይኔ አልጠፋም። ከመጻሕፍቱ የተማርኩትን አልንቅም፤ ቡልኮው ምን ማለት እንደሆነ ያሳወቀኝ መጽሐፍ ነው። በአጠገብዎ ያለ ሰው የሚወደውን ነገር ማከፋፈል ከጀመረ፣ አመስግነው አይለፉት፤ ምን እንዳሰበ በቀጥታ ይጠይቁት፤ ብቻውን አይተዉት፤ ወደ ሐኪምም ይዘውት ይሂዱ። ይህን በእርግጠኝነት እናገራለሁ። ሌላው ግን ከዲግሪ የማይገኝ ነገር ነው፤ ሰውን ከሁሉም ሸክም ስናሳርፈው፣ እሱን የሚጠብቅ ሰው እንደሌለ እየነገርነው ሊሆን ይችላል።

አሁን ማርቆስ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ገበሬዎች መቼ እንደሚዘሩ የሚጠይቁት ሰው። አማረች ነርስ ሆናለች። ደጀኔ ሙዝ ይነግዳል፤ ሆዱም እንደ ንግዱ ሰፍቷል። ባለፈው ዓመት የማርቆስ ልጅ ስትመረቅ ጨንቻ ጠሩኝ። ከመኪና ስወርድ ደጀኔ ቦርሳዬን ነጠቀኝ፤ አማረች ክንዴን ያዘች፤ አንዱ ወንበር አመጣ፤ ሌላው ጉልበቴን በጋቢ ሸፈነ። እንደ ዕቃ ተቀመጥኩ። ያንን ቀን እየተጨቃጨቅን አነሣነው፤ ማርቆስ ዓሣ አጥማጅ የሚባል ሰው እዚያ አላየሁም ይላል፤ እኔ መቅዘፊያው ሳይቀር ይታየኛል።

ከዚያ ዳቦው መጣ። ፊቴ አኖሩት።

“ቲቸር፣ እርስዎ ሳይቆርሱ አንጀምርም” አለ ማርቆስ።

የዚህ አገር ሰው አይደለህም ተብዬ እንደነበር አስታወስኳቸው።

“አሁን ነዎት” አለች አማረች።

እጄ እንደሚንቀጠቀጥ ነገርኳቸው። ማርቆስ አልተነሣም፤ ሊረዳኝም እጁን አልዘረጋም።

“እንጠብቃለን” አለኝ።

ጋቢውን ከጉልበቴ ላይ አነሣሁና፣ ማንም ሳይደግፈኝ ተነሥቼ እጄን ልታጠብ ወጣሁ።